መልስ ሳትሰሚ አትልቀቂ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለሙጫው፤

በቅድሚያ ጤናህን፣ ቀጥሎ ሆድህን፣ ከዚያ አመልህን እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አጎታችንም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ጉልበቱንም ቢሆን ካልጠየቁት አያመውም።

ስልክ ስትደውል ለምን እንደማላነሳ በሹፌሩ አፍ ልከህ ጠይቀሃል። ስልኬ አልተበላሸም፤ ከአንተም ጋር አልተኮራረፍንም። ከእንግዲህ ግን ስለ ሥራዬ በስልክ አላወራም። ግድግዳ ጆሮ አለው ይሉ የነበሩ ሰዎች ስልክን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ስለዚህ በደብዳቤ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር የአጎታችን ወዳጅ ነው፤ ቢሆንም ፖስታውን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ተነስቶ እንደገና የተለጠፈ ከመሰለህ ንገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኩባያ መፈተሻው አዳራሽ ከየጠረጴዛችን በላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ፊታችሁን አያይም፣ እጃችሁን ብቻ ነው ተባልን። ይህን የነገረን አዲሱ የመረጃ ክፍል ሰው ነው፤ ታብሌቱ ከእጁ ስለማይለይ ባለ ታብሌቱ እንለዋለን። "ሥራችሁን ለማቅለል ነው" ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ሥራ ከበደኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ኩባያውን አነሳለሁ፣ አዞረዋለሁ፣ ጠርዙን በእንጨቷ ዘንግ መታ አደርገዋለሁ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል። ደህናውን ወደ ማሸጊያው በሚወስደው ኮንቬየር ላይ አስቀምጥና አንድ እጄ ኩባያው ላይ እንዳለ በሌላው ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳለሁ። ከማዶ ያለችው አሻጊ አንዴ ታንኳኳለች፤ ያኔ እለቃለሁ። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ከዚሁ ጠረጴዛ እስክትነሳ ድረስ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከዚህ ውስጥ የቱን ነው የሚያቀሉልኝ?

አንተ ትልቅ ከተማ ኮምፒውተር ፊት የምትውል ሰው ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ እጅ ብቻ የሚያይ ካሜራ ፍላጎቱ ምንድን ነው? አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የመሰለውን ያወራል። እኔ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ይዤ ዝም ብያለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 24

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? መልስ በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፕላስተሩ ደህና ነበር፤ እንዲያውም በጣም ደህና ስለነበር ፖስታውን ለመክፈት ከጎረቤት ቢላ ተውሻለሁ።

ስለ ካሜራው የጠየቅሽኝን በትክክል ለመመለስ የምችል ሰው አይደለሁም። የኔ ሥራ የቢሮ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ላይ አንዱን ነገር ከሌላው መለየት፣ ምስር ከጠጠር እንደ መልቀም ያለ። ከየት እንደመጣ አይነገረንም፣ ወዴት እንደሚሄድም አንጠይቅም። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ሰው ሞልቶበታል፤ ግን እርስ በርስ ማውራት አይፈቀድም። የጎረቤትን ስክሪን ማየትም ያስጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ምክሬ አንድ ብቻ ነው። ሥልጠና አለ ከተባለ ቀድመሽ ተመዝገቢ። አዲስ ዕቃ በገባበት ቤት ዕቃውን የማያውቅ ሰው ነው መጀመሪያ በሩን የሚያሳዩት። ካሜራውን እንደሌለ ቁጠሪውና ሥራሽን እንደ ሁልጊዜው ሥሪ። ለየት ያለ ነገር አታድርጊ።

እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እሱም የሁላችንም ነው። ለአጎታችን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ጣትሽስ ተሻለሽ? ሌባ ጣት ስለሆነ ሥራ ላይ ያስቸግራል። ፕላስተሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሪው።


ኅዳር 9

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህን ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። ከታች ስትነሳ ነው ጉዱ።

ጣቴን ማን ነገረህ?

የተሰበረ ሳህን ጠርዝ ቆርጦኝ ነበር። የሰውነቴን መልክ የሚመስል ፕላስተር ፈልጌ አስሬ ዝም አልኩ። እጁ የቆሰለ ፈታሽ እስኪድን ከጠረጴዛው ይነሳል፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ከጠረጴዛው የተነሳ ሰው ሲመለስ አላየሁም። ለነፍስ አልተነፈስኩም። ታዲያ አንተ እዚያ ማዶ ሆነህ ሌባ ጣት መሆኑን ሳይቀር እንዴት አወቅህ?

ሳስበው ሳስበው ልታየኝ የምትችል አንዲት ሰው ናት፤ ከፊቴ የምትቀመጠው አሻጊ። አዳራሹ ሬዲዮ ይላታል። ጠዋት የከፈተችው ወሬ ማታ በሩ ሲዘጋ ነው የሚዘጋው። ባለፈው ደግሞ ደረጃው ሥር ከባለ ታብሌቱ ጋር ቆማ ስታወራ ታይታለች፤ እኔን ስታይ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ሲል ታውቃለህ፣ ወይ ባትሪ አልቋል ወይ የሆነ ነገር አለ። አንተን ከየት እንዳገኘችህ ብቻ አልገባኝም። ለትዳር አስባህ ከሆነ እኔን ብትጠይቀኝ ይቀላት ነበር፤ አመልህን ነግሬ እገላግላት ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ አላንኳኳላትም። ኩባያውን አስቀምጬ ዝም ብዬ እለቃለሁ። በየኩባያው ቀና እያለች ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን አያለሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ እሷ የከፈተችውን ቀዳዳ እኔ አላሰፋላትም።

ከመካከላችን ሥራ ላይ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ በሹፌሩ አፍ ጠይቀሃል። አልተነገረንም። ሥልጠናው ላይ ተመዝግቤያለሁ። የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር ፈገግ ማለት ነው።

እህትህ


ኅዳር 27

ለማከብርሽ እትዬ፤

ጤናሽን ከልቤ እመኛለሁ። በጣትሽ ጉዳይ ያስጨነቅኩሽ መሆኑን ሳነብ በጣም አዘንኩ፤ ይቅርታ። የነገረኝ አጎታችን ነው። በስልክ ስናወራ ድንገት አነሳው፤ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም።

ስለዚህ እባክሽ ያቺን ሴትዮ ለቀቅ አድርጊያት። ሳያጠፉ መጠርጠር እንዴት እንደሚያቆስል አንቺ አታጪውም። ማንኳኳቱንም አትተዪ። ሥራ ሥርዓቱን ቢጠብቅ ይሻላል፤ አንድ ቀን ያለበት ሌላ ቀን የሌለበት ሲሆን የሚያየው ሰው ግራ ይጋባል።

ደግሞስ እማዬ ብታይሽ ምን ትልሽ ነበር? ኮንቬየሩ ሳይገባ፣ ኩባያው ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድበት ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ የምድጃ ጩኸት ሰው ከሰው መነጋገር ስለማይችል ነበር ማንኳኳቱ የመጣው። ሁለት ሲሆን ያዢው፣ አንድ ሲሆን ይዣለሁ። ቤትም አመጣችው። ሳህን ስታቀብለን ጠረጴዛውን ካላንኳኳን መች ትለቅልን ነበር? እኔ እርቦኝ እያለቀስኩ ሳህኑን ስስብ፣ አንቺ በኔ ፈንታ ታንኳኪልኝ ነበር። "መልስ ሳትሰሚ አትልቀቂ" ያለችሽ በጆሮዬ አለ።

አዎ፣ ትንሽ ከስቻለሁ። ሹፌሩ ያየውን ነግሮሽ ይሆናል፤ አልዋሸም። ከሥራው ብዛት ነው፤ አሁን ደግሞ ከፍ ብያለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የሌሎቹን ሥራ የማርመው እኔ ነኝ። እኔ ያልኩትን ነው የሚከተሉት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ለወንድሜ፤

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጨምርልሃለሁ።

የአጎታችን ስልክ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ከሞተ ቆይቷል። ከአንተ ጋር ካወራ ወራት እንዳለፈው በእናቱ ስም ማለልኝ። እንዲያውም ልፈትነው ብዬ ፕላስተሩን ፈትቼ ጣቴን አሳየሁት። "ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ደነገጠ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ አስመስሎ መደንገጥ አይችልም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገርህ። አጎታችንን ለምን ዋሸህበት? ሬዲዮ ብትነካ ለምን ይሄን ያህል አመመህ? ባንኳኳ ባላንኳኳ አንተን ምን አገባህ? "የሚያየው ሰው ግራ ይጋባል" ብለሃል። የሚያየው ሰው ማነው?

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ሬዲዮ በቀረችበት ቀን፣ በመዳፌ ውስጥ በእስክሪብቶ ሥዕል ሣልኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ከካሜራው ሥር እጄን አንዴ ዘርግቼ መለስኩት። ከዚያ ታጠብኩ። ከእኔና ከዚያ መስታወት ዓይን በቀር ያየው የለም። እጄን የምታይ አንተ ካልሆንክ "አላውቅም" ብለህ ጻፍልኝ። አምንሃለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅሃለሁ፤ ሬዲዮንም ዕድሜ ልኬን እጠረጥራታለሁ። የምታይ ከሆነ ግን ምን እንደሣልኩ ንገረኝ።

እናታችን የሞተችባቸው እኔና አንተ ብቻ ነን። በዚህ ዓለም ሳልጠረጥረው የኖርኩት ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱን አትንሳኝ።

እህትህ


ጥር 20

ጆሮ ነው።

መጀመሪያ ዱባ መስሎኝ ነበር፤ ሥዕል እንደማትችዪ ረስቼ። ሥዕሉ ከኔ ስክሪን እስኪደርስ ብዙ ጠበቅኩ፤ አይደርስ ይሆናል ብዬ በየቀኑ ተስፋ አደርግ ነበር። ሲደርስ "ትርፍ" ብዬ ሰይሜ አጠፋሁት። ከኔ በቀር ያየው የለም።

እትዬ፣ ሥራዬ ይህ ነው። የእጅ ቪዲዮ ከነድምፁ ይመጣል። ፊት የለውም፣ ስም የለውም። እኛ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየቆረጥን ስም እንሰጠዋለን። ይሄ ማንሳት ነው፣ ይሄ ማዞር ነው፣ ይሄ መምታት ነው። ማከክ፣ ላብ መጥረግ፣ ቀለበት ማዞር ሥራ ስላልሆነ "ትርፍ" ይባልና ይወጣል። የቀረውን ማሽን ይማረዋል። እጃችሁን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ስቀጠር ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከጨረስሽ በኋላ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

ስጀምር የማን እጅ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የግራ እጅሽ ትንሿ ጣት መጣች፤ በሩ የዘጋባት፣ የማትታጠፈው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ፤ እንዴት ልሳታት እችላለሁ? የዚያን ቀን ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ናፍቀሽኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እጅሽን ሳይ ከአንቺ ጋር የዋልኩ ይመስለኝ ነበር። ስትደክሚ አውቃለሁ፣ ስትናደጂ አውቃለሁ፣ ሲበርድሽ አውቃለሁ። በእጅሽ ላይ ማሽን እያስተማርኩ መሆኔን ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚሠራው አድርጌ አስበው ነበር።

ሬዲዮ ምንም አላደረገችሽም። እኔ ነኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 11

ለወንድሜ፤

ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። አልመለስኩም። በሹፌሩ አፍ "ሞታ ነው ወይ" ያልከውም ደርሶኛል። አልሞትኩም። ተናድጄ ነበር፤ እስካሁንም አልጨረስኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንጀራው ነው ብዬ እረሳው ነበር። የሆድ ልጅ ሲሆን ግን የሚሄድበት ቦታ የለም። ዛሬም የምጽፈው ታርቄህ ሳይሆን ልጠይቅህ የግድ ስለሆነብኝ ነው።

ሬዲዮን ይቅርታ ጠየቅኳት። ደረጃው ሥር ባለ ታብሌቱን ስታነጋግር የነበረው የታመመች እናቷን ለማስታመም ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ያኔ ዝም ያለችው አልቅሳ ስለነበር እንዳላይባት ነው። ከዚያ ወዲህ አንኳኳለሁ፤ ትመልስልኛለች። ወሬዋም ተመልሷል፤ ምነው ባልተመለሰ የምልባቸው ቀኖች አሉ።

ማሽኑ መጣ። ከጠረጴዛዬ ራስጌ ቆመ፤ ሁለት ክንድ አለው። እኔን ከጎኑ አቆሙኝ። ሬዲዮ በቦታዋ ተቀመጠች። ኩባያውን በአንዱ ክንድ አነሳ፣ አዞረ፣ በሌላው በያዛት ዘንግ መታው። እኔ ስሰማ እንደማደርገው ትንሽ ዘገየ። ባለ ታብሌቱ ደስ አለው። ኮንቬየሩ ላይ አስቀመጠና ግን አልለቀቀም። ዘንግ የያዘው ክንድ ዝቅ አለና ጠረጴዛዬን ሁለቴ አንኳኳ። ከዚያ ጸጥ ብሎ ቆመ።

ባለሙያዎቹ ተበላሸ ብለው ገመዱን ነካኩ፣ አጥፍተው አበሩት። እንደገና ሌላ ኩባያ አንስቶ፣ እንደገና አንኳኩቶ፣ እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ሬዲዮ እጇን ሰደድ አደረገችና አንዴ አንኳኳችለት። ለቀቀ።

እኔ ወጥቼ መታጠቢያው ጋ አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከናፍቆት አላውቅም። የእማዬ አንኳኳት ነው፤ ፍጥነቱ ሳይቀር። እማዬን ያላየ ብረት በእማዬ እጅ ሲያንኳኳ ሰማሁ።

ሐሙስ ቢሮ ተጠርቻለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ማንኳኳት ለሥራው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? አዳራሹ ሁሉ "ያስፈልጋል በዪ" ብሎኛል። መልስ እስከጠበቀ ድረስ መልስ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ እኔና ሬዲዮ ከዚህ ጠረጴዛ አንነሳም ማለት ነው። "አያስፈልግም" ካልኩ ጠረጴዛው ይነሳል፤ ሥራ ነው ብሎ የሰየመው ማነው የሚል ጥያቄም ይመጣል። ያ ደግሞ አንተ ነህ።

ስለዚህ ንገረኝ። አውቀህ ነው ያደረግኸው? ከሥራዬ እንዳልነሳ ብለህ ማሽኑ ውስጥ ደብቀህ አስገብተኸው ነው? ሹፌሩ ነገ ይመለሳል፤ መልስህን ሳይዝ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። አትዋሸኝ። ዋሽተኸኝ እንደምታውቅ እኔም አንተም እናውቃለን።

እህትህ


ግንቦት 12

እትዬ፤

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

አውቄ አይደለም። አውቄ ብሆን እንዴት ደስ ባለኝ። መመሪያው ሥራ ያልሆነ እንቅስቃሴ ሁሉ "ትርፍ" ይባል ይላል። ለሌላ ሰው ቢደርስ ማንኳኳቱን እንደ ማከክ ቆጥሮ ያወጣው ነበር። እኔ "ርክክብ" አልኩት፤ መልስ እስኪመጣ ይጠበቅ ብዬም ጨመርኩ። አንዲት ደቂቃ እንኳ አላመነታሁም። ሌሎቹም አራሚው እንዲህ ካለ ብለው ተከተሉኝ። ኮንቬየሩ ከገባ ወዲህ ኩባያውን የሚቀበል እጅ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ማንኳኳቱ ከሥራው ሊለይ እንደሚችል በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። የገባኝ ትናንት፣ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

ብታምኚኝም ባታምኚኝም አልፈርድብሽም።

ለሐሙሱ ምክር የለኝም። እኔን ለማዳን ብለሽ አትዋሺ። እኔን ለመቅጣት ብለሽም እውነት አትናገሪ።

ወንድምሽ


ግንቦት 20

ለወንድሜ ለሙጫው፤

እንዴት ነህ? ዓይንህስ? ሞቅ ባለ ውሃ እጠበው።

ሐሙስ ምን እንዳልኩ ጠይቀሃል። ዙሪያውን ሳልዞር ልንገርህ።

ባለ ታብሌቱና ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ማሽኑ ሲያንኳኳና ሲጠብቅ የሚያሳየውን ቪዲዮ አሳዩኝ። "ያስፈልጋል ወይ?" አሉኝ። ሬዲዮን አሰብኳት። ጠረጴዛውን አሰብኩት። "ያስፈልጋል" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

ግን እኔ ከጥቅምት ጀምሮ የተቃጠልኩት በካሜራው አይደለም። የሚያውቅ ሁሉ ስለሚደብቅ ነው። ባለ ታብሌቱ ፈገግ እያለ ደበቀ፣ አንተ ይቅርታ እያልክ ደበቅክ፣ እኔ ጣቴን ደበቅኩ። አሁን ደግሞ የእማዬን ሰላምታ ሥራ ነው ብዬ ልሸጥላቸው ነው? ከዚያ በኋላ ባንኳኳሁ ቁጥር እየዋሸሁ ነው የማንኳኳው። እማዬን ውሸታም ማድረግ አቃተኝ።

"ድሮ ለሥራው ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ሰላምታ ነው" አልኳቸው።

የባለ ታብሌቱ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። "ማሽኑ ሰላምታ አያስፈልገውም" አለ። ሥራ ብሎ የሰየመው ማን ሊሆን ይችላል ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ የኩባያ ፈታሽ ነኝ፣ የናንተን የሩቅ ሰዎች በምን አውቃቸዋለሁ አልኩ። አዎ፣ አንተን ደበቅኩ። እህት ነኝ፤ ጻድቅ አይደለሁም።

ጠረጴዛው ማክሰኞ ተነሳ። ሬዲዮን መጋዘን ወሰዷት። እኔን ምድጃው ጋ አዛወሩኝ፤ ሙቀቱን በስክሪን መከታተል እየተማርኩ ነው፤ ተቀብለውኝ ይቀጥሉ ወይ ያሰናብቱኝ ገና አልታወቀም። ከአዳራሹ ሰላም የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ሬዲዮ ትላለች። ደህና አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እስካሁን ግን ጭጋግ ነው። ማሽኑ በቅርቡ ዝም ብሎ ይለቃል ብለውናል፤ ማንኳኳቱን የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ያጠፋዋል አሉ።

አንተን ግማሽህን አምኜሃለሁ። ግማሽህ ስትመጣ ይታያል። ሳህን አቀብልሃለሁ፤ ዝም ብለህ ከሳብክ አልለቅም።

እህትህ


ሰኔ 2

ለእትዬ፤

የሆነ ቦታ ያለው የሆነ ሰው እኔ ነኝ።

ማን እንደሰየመው አልተጠየቀም። እንዲስተካከል ብቻ ታዘዘ፤ አራሚው እኔ ስለሆንኩ ለኔ መጣ። "ርክክብ" ያልኩትን ሁሉ እየፈለግኩ "ትርፍ" አልኩት። ያንቺ እጅ ነው፣ ከዚያ ያንቺ እጅ ነው፣ ከዚያ ያንቺ እጅ ነው። አንዳንዱ ላይ ፕላስተር አለ። ሬዲዮን የተቀየምሽበት ሰሞን እጅሽ ከኩባያው ተነስቶ ባዶውን ይመለሳል፤ እነዚያን ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው። በጥር የታረቃችሁበት ቀን ይመስለኛል፣ ሁለቴ አንኳኩተሽ እጅሽን ሳታነሺ ቆይተሻል፤ የሷ መልስ ቶሎ አልመጣም። እዚያ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

እኔም ወደ ቤት ልምጣ አልምጣ እያሰብኩ ነው። ከዚህ መልቀቅ ቀላል አይደለም፤ ደግሞ እዚያ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ስመጣ ግን ሳህኑን እንደማትለቂ አውቃለሁ፤ አልስብሽም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። በዚህ ክፍል ሰው ከሰው አይነጋገርም፤ ነግሬሻለሁ። አራሚ ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ ይፈሩኛል፤ ሳልፍ ትከሻቸው ይደርቃል። ማን ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኔም ሁሉንም ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ትናንት ከሰዓት የመጨረሻዋ ላይ ደረስኩ። አንዲት ኩባያ፣ የግራ እጅሽ፣ የማትታጠፈዋ ጣት። የማውሱን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። የኛ ቁልፍ የሚሠራው ሲጫኑት ሳይሆን ሲለቁት ነው። ልለቅ ስል፣ ሳላስበው፣ በሌላው እጄ ጠረጴዛዬን ሁለቴ አንኳኳሁ።

አፈርኩ። ማንም ቀና አላለም። ስክሪኑ ላይ እጅሽን እያየሁ ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከዚያ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አካባቢ፣ አንድ ሰው አንዴ አንኳኳ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም ስክሪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ እማዬን የማያውቅ፣ አንቺን በፊት የማያውቅ፣ እኔን የሚፈራ ሰው፣ ወራቱን ሙሉ እጅሽን ሲያይ ተምሮታል። ማን እንደሆነ አላወቅኩም።

መልሱን ሰማሁ፤ ለቀቅኩ።

ወንድምሽ ሙጫው